ከቀይ መስመሩ ወዲያ

ይድረስ በዓዲግራት ለሚኖሩት ለአባቴ ለአቶ ገብረአምላክ።

አባቴ ሆይ፣ ክረምቱን እንዴት ወጡት? ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚቆረጥምዎ ጉልበት ዘንድሮስ ራርቶልዎታል? እናቴ ወይኒ እንዴት ናት፣ ዓይኗን ተሻላት ወይስ አሁንም ጭስ ባየች ቁጥር ያነባል? እህቴ ብርኽቲስ በሰላም ተገላገለች? ወንድ ነው ሴት? በቅሎዋ፣ ላሚቱ፣ ጎረቤቱ፣ ከእርስዎ ጋር በረሃ ይወርዱ የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ እንደምን ከረሙ? እኔ ልጅዎ አጽብሐ እስካሁን በሕይወት አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍልዎ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ወረቀት የሚያነቡልዎ መምሬ መድኃኔ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። መምሬ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ እናቴ ባለችበት አያንብቡት። አባቴን ከቤት ወጣ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ አስቀምጠው፣ ቀስ ብለው ወደ ትግርኛ እየመለሱ ያንብቡላቸው። መርዶ በደብዳቤ መላክ ነውር መሆኑን አልዘነጋሁትም። ነገር ግን ወደ እናንተ የምልከው ሽማግሌ የለኝም፤ ጨው ይዘው የሚመላለሱት ያገራችን ነጋዴዎችም ወሬውን አጣመው ሳያደርሱት መቅደም አለብኝ።

አባቴ፣ የወንድሜ የየማነ ሚስት አስካለ ሞታለች። የማነ ራሱ ተርፏል፤ ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች የለም። ልጃቸው ትርሓስ ደኅና ናት፣ ምንም አልነካትም። እኔ ይህን የምጽፍልዎ እስር ቤት ሆኜ ነው። እዚህ ያስገባኝም የየማነ ምስክርነት ነው። ይህን መጀመሪያ የነገርኩዎ፣ የቀረውን ሲሰሙ ልብዎ መጨረሻውን እየፈራ እንዳይንጠለጠል ብዬ ነው።

ባላምባራስ አጥናፉ የሚባሉ ባለጸጋ እዚህ አራዳ አሉ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ወደ ውቤ በረሃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለመኪና ማደሪያ የሚሆን ባለ ሁለት ደርብ ቤት አሠርተዋል፤ ጋራዥ ይሉታል። መኪናው በተዳፋት መውጫ እያጓራ ይወጣና ከሌላው መኪና ራስ በላይ ይቆማል። የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ወለል ነው፤ ሁሉም በሲሚንቶ የተሠራ። ይህ ሲሚንቶ ብቻውን አይደለም። የጭቃ ግድግዳን ማገር እንደሚይዘው፣ እሱንም በሆዱ የተዘረጋ ብረት ይይዘዋል፤ ፌሮ ይባላል። ፌሮው ከተበላ የላዩ ነገር ሁሉ በአየር ላይ ቆመ ማለት ነው።

ፌሮውን የፈጀው ደግሞ የእኛው አገር ጨው ነው። ከተማው ገና ብዙ መኪና ባልነበረው ጊዜ የላይኛው ደርብ አልሞላ ስላላቸው፣ ባላምባራስ የምሥራቁን ወገን የአሞሌ መጋዘን አደረጉት። እስከ ዘንድሮም አላወጡትም። ከአሞሌው አጠገብ መኪና ይታጠባል፤ ቆርቆሮውም ያፈሳል። ውሃው ጨዉን እያሟሟ በስንጥቁ ይሰርጋል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጨው ከአፋር በረሃ ሲያወጡ ስለኖሩ፣ የበቅሎን ጀርባና የጭነቱን ጠፍር እንዴት እንደሚበላ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ብረትንም እንደዚያው ይበላል፤ ብረት ግን እንደ በቅሎ አይራገጥም፣ ዝም ብሎ ይበላለታል።

የማነ እርስዎ ወደ እኔ ከላኩት ጀምሮ በዚህ ጋራዥ መኪና አጣቢ ነበር፤ ማታ ማታም እዚያው ያድር ነበር። አስካለን ያገባው እዚያ ሳለ ነው። እናቷ እማማ ሙሉነሽ ከጊዮርጊስ ጀርባ ጠላ የሚሸጡ፣ ምላሳቸው የተሳለ፣ ልባቸው ደግሞ ሰፊ የሆነ ሴት ናቸው። የማነና አስካለ ከጋራዡ በምዕራብ በኩል፣ በታችኛው ቤት ጥግ፣ በጣውላ የተከለለች ክፍል ነበረቻቸው። ትርሓስ የተወለደችው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ስሟንም የማነ በእርስዎ እናት ስም አወጣላት።

እኔ ደግሞ ሙሴ ያኒ ከሚባል ግሪካዊ ጋር እሠራ ነበር። ሙሴ ያኒ የቤት ሥራ የተማረ መሐንዲስ ነው። አሥመራ ሳለሁ የለቀምኩትን ጣሊያንኛ ስለሚችል፣ እሱ የሚለውን ለባለቤቶቹ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ መዶሻም እይዝለታለሁ።

ከጋራዡ ጣሪያ የሲሚንቶ ቁራጭ መውደቅ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። አንድ ቀን አስካለ ትከሻ ላይ ወደቀና ልብሷን ቀዶ አደማት። የማነ ለባላምባራስ ሲነግራቸው፣ «እንግዲያ በላይዋ ጋቢ ትደርብ» ብለው ሳቁ። በግንቦት ግን የዳቦ ያህል ቁራጭ ወድቆ የአንድ ፈረንጅ መኪና ጀርባ ሰረጎደ። ያን ዕለት ሳቅ የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሴ ያኒን አስጠሩት፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ።

ሙሴ ያኒ ምርመራውን የጀመረው በጆሮው ነው። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ ጣሪያውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደርጋለሁ፤ እሱ ከታች ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ የማነ ፋኖስ ይዞልናል። ጤነኛው ሲሚንቶ እንደ ጥቁር ድንጋይ አጭርና ጠንካራ ድምፅ አለው። የታመመው ግን እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል፤ ቆዳው ከሥጋው ተላቋል ማለት ነው። በምዕራቡ ወገን ስንሄድ ድምፁ ደኅና ነበር። ወደ ምሥራቅ፣ ከአሞሌው ሥር ስንደርስ፣ መዶሻዬን ባሳረፍኩበት ሁሉ ቅል ሆነ። ፌሮው በተዘረጋበት በኩል ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቀይ ቡናማ መስመር ወጥቷል። ከስንጥቁ አፍ ላይ ነጭ ነገር እንደ ቀለጠ ጧፍ ተንጠልጥሏል። ሙሴ ያኒ በጣቱ ነክቶ ቀመሰና ለእኔም «ቅመስ» አለኝ። ጨው ነው።

ከዚያ በመሮ ከፍተን አየነው። አውራ ጣት ያህል የነበረው ፌሮ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ በእጄ ላይ ረገፈ፤ ውስጡ የተረፈው ወስፌ ያክላል። ባላምባራስ በትራቸውን እያንኳኩ፣ «ይህ ሁሉ መቆፈር ምንድን ነው? ይወድቃል ወይስ አይወድቅም? አንድ ቃል ንገሩኝ» አሉ። ሙሴ ያኒም የአሸዋ ጆንያ ጥቂት በጥቂት ከላይ እየተጫነ፣ ወለሉ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ከታች መለካት አለበት አለ። እኔም ይህንኑ ተናገርኩ።

ባላምባራስ፣ «ጆንያ እስኪሞላ ማን ይጠብቃል? ሰው ሞልቶ» አሉና ዘበኛቸውን ወደ ገበያው ሰደዱት። ሥራ ፍለጋ ጊዮርጊስ አጥር ሥር የሚቀመጡትን የቀን ሠራተኞች እየነዳ አመጣቸው። ሥራ ያገኙ መስሏቸው እየተገፋፉ ወጡ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከአሞሌው አጠገብ እንዲቆሙ ተደረገ። ሙሴ ያኒ፣ «ይህ አይሆንም፣ ሰው መለኪያ አይደለም» ብሎ ቀይ እስኪሆን ጮኸ። እኔ ስመልሰው ባላምባራስ፣ «እሱ የጠየቀው ክብደት ነው፤ ክብደት ሰጠሁት» አሉ። ሙሴ ያኒ ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ሰዓቱን አውጥቶ አየና ወደ ታች ወረደ። እኔም ወረድኩ።

ከታች ወለል እስከ ጣሪያው ሊደርስ አንድ ጣት የቀረው የባሕር ዛፍ እንጨት አቁመን ነበር፤ ጣሪያው ዝቅ ካለ ያ ክፍተት ይጠባል። እንጨቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከራሴ በላይ ሰዎቹ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ባላምባራስ ከመውጫው ላይ ሆነው፣ «እስቲ ዝለሉ! ሰርግ ቤት የሄዳችሁ አስመስሉት!» አሉ። ዘለሉ። አባቴ፣ ያ ክፍተት ዓይኔ እያየ ተዘጋ፤ እንጨቱም በእጄ ውስጥ ሲጨነቅ ተሰማኝ። አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሙሴ ያኒ «አውርዷቸው!» ብሎ ጮኸ፤ እኔም በአማርኛ ጮህኩ። ሰዎቹ ከወረዱ በኋላ ክፍተቱ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። የጎበጠው እንደ ጎበጠ ቀረ።

ሙሴ ያኒ ፍርዱን እዚያው ቆሞ ተናገረ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ መለስኩት፤ ጥቂት ጣሊያንኛ ከእኔ ስለለመደ፣ የማነም ፋኖሱን ይዞ ሁለታችንንም ሰምቷል። «የምሥራቁ ወገን አይድንም። ጨዉም መኪናውም ዛሬውኑ ይውረድ። ከሥሩ ማንም እንዳይቆም። በግንድ ይደገፍና ፈርሶ እንደገና ይሠራ። የምዕራቡ ወገን ደኅና ነው።» ሰው እንዳይሳሳት ብሎም ጤነኛውንና በሽተኛውን የሚለይ ቀይ መስመር፣ በጣሪያውም በወለሉም ላይ፣ በቀለም አሰመረኝ። ባላምባራስ መስመሩን በበትራቸው እየተከተሉ ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። «ገባኝ» አሉ። እውነትም ገብቷቸው ነበር።

በማግስቱ የማነ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። ባላምባራስ በምሥራቅ በኩል፣ በታመመው ጣሪያ ሥር ይቆሙ የነበሩትን መኪናዎች በሙሉ ወደ ምዕራቡ አዛውረዋል። ቦታው ስላልበቃቸውም የየማነንና እዚያው ያድሩ የነበሩትን የጨው ተሸካሚዎች ክፍሎች ጣውላ አስነቅለው፣ ዕቃቸውን ከቀይ መስመሩ ወዲያ አስጥለውባቸዋል። ከላይ ያለውን ጨውና መኪና ግን ክረምት ነው፣ ቦታ የለም ብለው አላወረዱትም። ለሰዎቹም፣ «ወይ ከመስመሩ ወዲያ፣ ወይ ከበሩ ውጭ» ብለዋቸዋል።

ለሙሴ ያኒ ነገርኩት። ወደ ድሬዳዋ ለሌላ ሥራ ሊሄድ ሻንጣውን እያሰረ ነበር። «ያየሁትን ተናግሬያለሁ፤ ቤቱ የእኔ አይደለም» አለኝ። ጨክኖም አልነበረም፤ ልቡ ቀድሞ ባቡሩ ላይ ተሳፍሮ ነበር እንጂ። እኔ ራሴ ባላምባራስ ዘንድ ሄጄ እጅ ነሥቼ ቆምኩ። «ጌታዬ፣ ያ ቦታ እኮ አደገኛ ነው ተብሏል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ለመኪና አይሆንም ያልከኝ አንተ አይደለህም? ታዲያ መኪና አቆምኩበት?» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

የማነን ወደ እኔ ና ብዬ ለመንኩት። እኔ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በአንድ ክፍል እተኛ ነበር፤ እንጣበባለን እንጂ አይሞትም አልኩት። «ጋራዡ ውስጥ ካላደርኩ ሥራው ቀረ አሉኝ፤ በክረምት ልጅ ይዤ የት ሥራ አገኛለሁ?» አለኝ። አስካለን እናቷ ዘንድ ሂጂ ብንላት፣ «እሱን ትቼ ለብቻዬ ልትረፍ?» አለች። እማማ ሙሉነሽ በቁጣ መሬቱን እየመቱ፣ «እናንተ የትግሬ ልጆች፣ ጣሪያ ሲወርድ በራሳችሁ ልትደግፉት ነው?» ብለው ቀን ቀን ሕፃኗን በግድ ወደ ቤታቸው ይወስዷት ጀመር።

እኔ ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ነበር። በስንጥቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጀሶ ለጠፍኩበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ስንጥቁ በጥቂቱ እንኳ ቢከፈት ይሰበራል። አስካለን ጠርቼ፣ «ይህ ነጭ ነገር ፀጉር የምታህል መስመር ካወጣ፣ ምንም ዕቃ ሳትፈልጊ ልጅሽን አንሥተሽ ውጪ» አልኳት። ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያሟን ደግማ ስትጨርስ ቀና ብላ ታየው ነበር። አንድ ቀን ተሰብሮ አገኘችው። ከየማነ ጋር ሆነው ለባላምባራስ ነገሯቸው። ባላምባራስም አንድ ቀቢ ልከው በተሰበረው ላይ አዲስ ጀሶ አስለጠፉበትና፣ «ይኸው ድኗል» አሉ። አስካለ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን አላማረኝም። የዚያን ዕለት እጇን ይዤ ልጎትታት ይገባኝ ነበር እያልኩ እዚህ ተኝቼ ስንት ጊዜ ጎትቻታለሁ።

የሆነው በፍልሰታ ጾም ነው። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ውሎ ነበር። እማማ ሙሉነሽ ትርሓስን አዝለው ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። አስካለ ለጾም መፍቻ የምትሆን ሽሮ ልታዘጋጅ እሳት ልታያይዝ ጎንበስ ብላለች፤ የማነ በዝናቡ ምክንያት ሥራ ፈትቶ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ሁለት ጨው ተሸካሚዎችም ግድግዳውን ተደግፈው አሸልበዋል። ከላይ አንድ መኪና ወደ ቦታው ሊገባ ወደ ኋላ ሲል ነው የምሥራቁ ወገን በሙሉ የተደረመሰው። ሲሚንቶው፣ አሞሌው፣ መኪናው፣ ሁሉም አንድ ላይ ወረደ።

እኔ ከገበያው ማዶ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ፤ ልቤም ወዲያው አወቀው። ስደርስ ሰው ከብቦታል። የማነ እስከ ወገቡ ወጥቶ፣ ቀኝ እጁ ከተሰበረው ሲሚንቶ ሥር ተይዞ ይጮኻል። አስካለ አትታይም፤ ድምጿ ግን ከመኪናው ሥር ይሰማል። «የማነ፣ እግሬን፣ እግሬን» ትላለች። እኔና ሌሎች ሰዎች መኪናውን በግንድ ልናገላብጠው ስንይዝ ባላምባራስ ጃንጥላ ተይዞላቸው ደረሱ። «እጃችሁን አንሡ! የሰው ንብረት ነው!» አሉ። ዘበኞቻቸው በዱላ አባረሩን። ሰሌን አምጥተው የመኪናውን ጎን ሸፈኑት፤ ገመድ አሰሩበት፤ እንዳይፋቅ ጣውላ እየዘረጉ፣ ቀስ በቀስ፣ እንደ ታቦት በክብር አወጡት። እኔን ሁለት ሰው ይዞኝ ነበር። የአስካለ ድምፅ መኪናው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቆመ።

ተሸካሚዎቹም ሞተዋል። አገራቸው ሩቅ ስለሆነ ስለ እነሱ የጠየቀ የለም። የየማነን እጅ ሐኪም ቆረጠው። አስካለን ጊዮርጊስ ቀበርናት። እናቷ በቀብሩ ላይ አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በቀጥታ ወደ ችሎት ሄዱና «የልጄ ደም ባላምባራስ እጅ ላይ ነው» ብለው ከሰሱ።

ባላምባራስ ሲጠየቁ እንዲህ አሉ። ነጩ መሐንዲስ ቤቱ ይቆማል ብሎ ነበር፤ ቃሉን አጣሞ የተረጎመው ይህ አጽብሐ የሚባል ሰው ነው፤ ጣሪያውንም በመዶሻና በመሮ ቦርቡሮ ያላላው እሱ ነው፤ ሲፈርስ ለአሠሪው የሥራ በር ይከፈትለታል ብሎ ነው። ሙሴ ያኒ ከሄደ ቆይቷል፤ ይምጣ ብለን ያስላክነው ቃልም መልስ አልመጣለትም። እኔ ዳኛውን፣ «ጌታዬ፣ ሦስተኛ ሰው ነበር፤ ወንድሜ የማነ ፋኖስ ይዞ ሁሉን ሰምቷል፤ እሱ ይናገር» አልኩ። አባቴ፣ የጠራሁት ራሴ ነኝ። በደስታ ነው የጠራሁት።

ባላምባራስ ግን ከእኔ በፊት ጠርተውት ኖሯል። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ሄደው አልጋው አጠገብ ተቀምጠውለታል። አንድ እጅ ያለው ሰው ከተማ ውስጥ ማን እንደሚቀጥረው ጠይቀውታል። እሳቸው ግን የጋራዡ ዘበኛ ሊያደርጉት፣ በምዕራቡ ወገን፣ በጤነኛው ጣሪያ ሥር፣ ክፍል ሊሰጡት እንደሚችሉ ነግረውታል። ልጅ እንዳለችውም አስታውሰውታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ወንጌሉ ሲቀርብለት ቀኝ እጁን ሊያነሣ ሞከረ፤ የተጠቀለለው ጉማጅ ነው የተነሣው። ከዚያ ግራ እጁን አደረገበት። ዳኛው፣ «ይህ ሰው ወንድምህ ነው?» አሉት። «የአባቴም የእናቴም ልጅ ነው» አለ። «መሐንዲሱ ምን አለ?» «ይቆማል አለ።» «ወንድምህስ ምን ብሎ ተረጎመ?» «ይወድቃል አለ። በመሮ ሲቦረቡረውም አይቻለሁ።» ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ባላምባራስም አላየም። እማማ ሙሉነሽ ከኋላ፣ «አስካለ ትስማህ!» ብለው ሲጮኹ ብቻ ግራ እጁን ከወንጌሉ ላይ አነሣ። ዳኛው እንግዲህ የገዛ ወንድም በወንጌል ምሎ የተናገረውን ትተው ማንን ይመኑ? ፈረዱብኝ። የምፈታው ለመጪው ክረምት ነው።

እዚህ የሚቀልቡኝ እማማ ሙሉነሽ ናቸው። ልጃቸውን የቀበሩ ሴት፣ ትርሓስን አዝለው፣ ያንን ሁሉ ዳገት እየወጡ ምግብ ያመጡልኛል። ሕፃኗ በአጥሩ ቀዳዳ ጣቴን ትይዛለች፤ ጥርስ አውጥታለች፤ አፍንጫዋ የእናቴን የወይኒን ነው። የማነ ልጁን ስጡኝ ብሎ ሄዶ ነበር። እማማ፣ «አንድ እጅና ምንም ምላስ ለሌለው ሰው ልጅ አልሰጥም» ብለው በር ዘጉበት። ለልጄ ብዬ ነው ያደረግሁት ያለው እሱ፣ ልጁንም አላገኘም።

ጋራዡ ተጠግኗል። የወደቀውን በተረፈው አሮጌ ፌሮ ላይ ሲሚንቶ ቀብተው መልሰውታል፤ በኖራም ነጭ አድርገውታል፤ ቀይ መስመሩም ተቀብቶ ጠፍቷል። አሞሌው እንደገና ከላይ ተከምሯል። ከሥሩ አዲስ ሰዎች ገብተዋል፤ ከጉራጌ አገር የመጡ ባልና ሚስት ናቸው ይላሉ እማማ። ነገሩን ሊነግሯቸው ሄደው ነበር። በሩ ላይ የማነ በትር ይዞ ቆሞ መለሳቸው።

ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ እዚህ መጣ። አጥሩ ማዶ ብዙ ቆሞ ቆይቶ ተጠጋኝ። ከስቷል። የዘበኛ ካፖርት ለብሷል፤ ባዶው እጅጌ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ይቅርታ ሊጠይቀኝ የመጣ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁት። «ስትፈታ በጋራዡ በኩል አትምጣ። እንዳላስገባህ ታዝዣለሁ፤ በዱላ እንድመታህ አታድርገኝ» አለኝ። እኔም፣ «አስካለ ስትጠራህ ሰምተሃል?» አልኩት። «እስከ አሁን እሰማታለሁ» አለና ሄደ።

አባቴ፣ ልጠላው እሞክራለሁ፤ የሚሳካልኝ ቀን አለ። ተሳክቶልኝ ውዬ ማታ ላይ ያቺ በመርፌ የተያዘች እጅጌ ትመጣብኛለች። እርስዎ አባቱ ነዎት፣ የሚያደርጉትን እርስዎ ያውቃሉ፤ አይርገሙት፤ ግን ደግሞ እኔን ታረቀው አይበሉኝ፤ ገና አልችልም። ስፈታ ትርሓስንና እማማ ሙሉነሽን ይዤ ወደ እናንተ ለመምጣት አስቤያለሁ። እማማ፣ «ከልጄ መቃብር ርቄ አልሄድም» ይላሉ፤ እያባበልኳቸው ነው። ባይሆን ሕፃኗን አምጥቼ እቅፍዎ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ።

እናቴን ወይኒን ጉልበቷን ስማችሁ፣ አጽብሐ ሥራ በዝቶበት ነው በሏት፤ የአስካለን ሞት ግን ቀን ጠብቃችሁ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆናችሁ አርዷት። ብርኽቲን፣ የወለደችውንም ሕፃን፣ ባሏንም ሰላም በሉልኝ። ለመምሬ መድኃኔ፣ ይህን ክፉ ወረቀት በአፋቸው ስላስያዝኳቸው ምድር ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእርስዎ ጋር በረሃ የወረዱትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። የልጅ ልጅዎ ትርሓስ እጅዎን ትስማለች። እማማ ሙሉነሽም ሳያዩዎት እንዴት ዋሉ ይላሉ።

የማነ ሰላም በልልኝ አላለኝም። ብሏል ብዬ ብጽፍልዎ ደስ እንደሚልዎ ግን አውቃለሁ።

ልጅዎ አጽብሐ ገብረአምላክ
አዲስ አበባ፣ ከአራዳ እስር ላይ ሆኜ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.